መቃብር ላይ የተቀረፀው አድራሻ

ይህን ሳወራችሁ አንዲት ቃል ብጨምር ምላሴን ቀበሮ ይብላው።

ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንደ እንጨት ደርቋል። የሰው ራስ ይላጫል፤ “ያጽናህ” ሲሉት “አሜን” ይላል፤ ሻይ ይጠጣል፣ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አያውቅም። የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አማቱ። ሟቿ ተረት ስታወራ ድምጿን ቀድታ ያስቀመጠችበት ድረ ገጽ አለ፤ አድራሻው ግን በባዕድ ፊደል ነው። አሮጊቷ ደግሞ ከራሳቸው ፊደል ሌላ አያውቁም። የገዛ ልጃቸውን ድምፅ ለመስማት ሰው መለመን አንገፍግፏቸዋል።

ሴት ልጁ መላ አመጣች። “አባዬ፣ አሁን አድራሻም በራሳችን ፊደል ይወጣል። በእማዬ ስም አውጥቻለሁ። መቃብሯ ላይ ይቀረፅና እማማ ሲመጡ እያዩ ይጻፉት።”

አድራሻውን ከስልኳ ገልብጣ ለድንጋይ ጠራቢው ላከች። የስልክ ነገር አመል አለበት፤ የኛን ፊደል ለማሽን የሚያስረዳው በባዕድ ፊደል ለውጦ ነው። ጠራቢው የደረሰውን ቀረፀ፤ ኤክስ፣ ኤን፣ ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ ዶሮ የጫረችው የሚመስል የፊደልና የቁጥር መንጋ። ያውም ጠለቅ አድርጎ።

ድንጋዩ የቆመ ዕለት ጎረቤት ተሰበሰበ።

“ባለቤትህ ዶክተር ነበረች እንዴ?” አለ ጫማ ሰፊው።

“የለም።”

“ታዲያ ይሄ ሁሉ ማዕረግ የማን ነው?”

ጥርሱን የሚያመው አንድ ሰውዬ ጸሎት መስሎት ጉንጩን ጽሑፉ ላይ ለጠፈ፤ እዚያው ተሻለው።

“የላክሽልኝን ነው የቀረፅኩት፣ እህቴ” አለ ጠራቢው። “ልፋቀው?”

“ተወው” አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ድምፁ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስል ነበር።

አማቱ ስልካቸውን እንደያዙ ቆመዋል። “የቱ ጋ ነው የልጄ ስም?”

ፀጉር አስተካካዩ ከጠራቢው እጅ ጠመኔ ወሰደና ከመንጋው በታች አድራሻውን በራሳቸው ፊደል ጻፈ። “ይኸው፣ እማማ።”

አሮጊቷ እያዩ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ስልካቸውን ነካኩ። ማንም አላገዛቸውም።

“ተረት ተረት” አለ ስልኩ።

“የላም በረት” አሉ አማት፣ ቀስ ብለው።

ፀጉር አስተካካዩ ፈገግ አለ።

“ዝናብ ያጥበዋል እኮ፣ አባዬ” አለች ልጁ።

“እጽፈዋለሁ።”

ይኸው እስከ ዛሬ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እየሄደ ይጽፋል። ነገሩ ሁሉ እውነት ነው፤ ባለጥርሱ ሰውዬ እንኳ ጎረቤቴ ነው። ያቺ ፈገግታ ብቻ የኔ ጭማሪ ናት። ሰውየው ፈገግ አላለም፤ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ።