ዳቦ ካልተጋገረበት አልተጠገነም

ልጆቼ የምድጃዬን ማዞሪያዎች ነቅለው የወሰዱት ማክሰኞ ዕለት ነው። አራቱንም። ወንዱ ልጄ አንድ በአንድ እየሳበ ሲያወጣቸው እህቱ ፌስታል ከፍታ ያዘችለት፤ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። ሲጨርስ ፌስታሉን ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተና «ለአንቺው ብለን ነው እማዬ» አለኝ። ለእኔው ተብሎ የተደረገብኝን ሁሉ ልዘርዝር ብል ቀኑ አይበቃኝም።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የጋዝ ምድጃ ጠግኛለሁ። ማዞሪያ ማለት ለጣት ምቾት የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ከሥሩ ቀጭን ብረት አለች፤ እሷን በፒንሳ ያዝ፣ ገፋ አድርጎ ማዞር ነው፣ አለቀ። በዚህ ሥራ ያሳደግኳቸው ልጆች ይህን አለማወቃቸው ማዞሪያውን ከመውሰዳቸው በላይ አናደደኝ።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የጣድኩት መጥበሻ አረረና ኩሽናው ጭስ በጭስ ሆነ። ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ፣ ሰፈሩ ሬዲዮ የሚላት፣ ጭሱን በመስኮት አይታ የእኔን በር ከማንኳኳቷ በፊት ወንዱ ልጄ ጋ ደወለች። ልጄ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የተቃጠለና የተገለበጠ ነገር ፎቶ ሲያይ ስለሚውል ክብሪት ሲጫር እንኳ ይደነግጣል። እየበረረ መጣ። «መጥበሻው ስስ ስለሆነ ነው» አልኩት። አላመነኝም። እህቱ ነርስ ናት፤ እሷ ደግሞ ዓይኔን በባትሪ እያየች ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የተወለደችበትን ቀንና ሰዓትም ጨምሬ ነገርኳት።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ተሸፍኖ ይመጣልኛል፤ ሞቆ ቢነሳም የሚደርሰኝ ቀዝቅዞ ነው። ደግሞ «ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችንም መጥተን እንነጋገራለን» ተባልኩ። ምን እንደምንነጋገር አውቃለሁ። ልጄ ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብቶ አልጋ አስገብቶበታል፤ የእኔ ቤት ይከራያል፣ እኔ እዚያ እገባለሁ። እዚያ ቤት ማንኪያ ልጠብ ብል እንኳ «አንቺ አረፍ በይ» ነው የሚሉኝ። አረፍ በይ በተባልኩ ቁጥር የተገነዝኩ ይመስለኛል። በገዛ ቤቴ የመኖሬ ቁርጥ የሚታወቀው እንግዲህ ቅዳሜ ነበር።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልናገር። እኔ የጠገንኩትን ምድጃ በውሃ ሞክሬ አላውቅም። ውሃ በማንኛውም እሳት ይፈላል፣ ምንም አይነግርም። ከመፍቻዎቼ ጋር አንድ ከባድ መጥበሻና ዱቄት ይዤ ነበር የምዞረው፤ ፈትቼ ጠርጌ ከገጠምኩ በኋላ እዚያው ሰው ኩሽና ዳቦ እጋግራለሁ። ዳቦው በአንድ በኩል በስሎ በሌላው ከገረጣ፣ በገረጣው በኩል የእሳቱ ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው። እንደገና እፈታዋለሁ። ዙሪያውን እኩል እስኪጠብስ ከዚያ ቤት አልወጣም። ደንበኞቼ «ባለ መጥበሻዋ» ይሉኝ ነበር። ልጆቼም ያደጉት ከየሰው ቤት በወረቀት ጠቅልዬ በማመጣላቸው የሙከራ ዳቦ ነው፤ የገረጣውን ወንዱ፣ ጠቆር ያለውን ሴቷ እየተሻሙ።

ቅዳሜ ጠዋት የመፍቻ ሳጥኔን ከአልጋዬ ሥር ጎተትኩ። ፒንሳው እንዳለ ነው። ወገቤ ትንሽ ተቃወመ፣ አልሰማሁትም።

ሦስት ብርጭቆ ዱቄት፣ አንድ ተኩል ብርጭቆ እርጎ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ ለአመል ያህል ስኳር። እርሾ የለ፣ ማደር የለ፣ ምጣድ የለ። ይህን ሊጥ ብዙ ማሸት አያስፈልግም፤ ብዙ እንደ ተነዘነዘ ልጅ ይደነድናል። ተያይዞ አንድ ሲሆን ጨርቅ ጣል አድርጌበት ሩብ ሰዓት ተውኩት። እስከዚያ ክብሪት ጫርኩ፣ ፒንሳውን ገፋ አድርጌ አዞርኩ፣ እሳቱ ብፍ ብሎ ተያያዘ። ብቻዬን ሳቅኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከት ብዬ ስቄ እንደማላውቅ ያስታወስኩት ያኔ ነው።

እሳቱን ዝቅ አደረግኩት። መጥበሻውን ያለ ዘይት አግዬ ሊጡን በጠርሙስ ጣት ያህል ውፍረት ዳመጥኩና ጣል አድርጌ ከደንኩት። ሦስት ደቂቃ በዚህ፣ ሦስት ደቂቃ በዚያ። ሲወጣ ከሥሩ እኩል ወርቅማ ነበር፤ አልደብቅም፣ ኮራሁ። ከተረፈው ሊጥ ለአንድ ዳቦ የሚሆን አስቀርቼ በቢላ ቁርጥራጭ አወጣሁ፣ ሰሊጥ ነስንሼ በትንሽ ዘይት ጠበስኩት። ድንች ፍቄ ከእንቁላል ጋር ለውሼ ጠፍጣፋ ጥብስ አደረግኩ። ኦቾሎኒም በስኳር አመስኩ። የማይቀረውን ንግግር ባዶ ጠረጴዛ ላይ አልጀምርም ብዬ ነበር፤ አልጀመርኩም።

ከሰዓት መጡ። ለወንዱ ልጄ ገና ከበሩ ላይ አፍንጫው ነገረው። ኩሽና ገብቶ ጠረጴዛውን አየ፣ ምድጃውን አየ፣ ኪሱን ዳበሰ።

«ማነው የሠራው?»

«ጎረቤት መጥታ ሠራችልኝ እንድልህ ነው?»

«ማዞሪያው እኮ እኔ ጋ ነው።»

«እንደያዝከው ይቆይ። እኔ ፒንሳ አለኝ።»

እህቱ ፊቷን አዙራ አንድ ቁራጭ አፏ ውስጥ ከተተች፤ እየሳቀች እንደሆነ ትከሻዋ ያሳብቅባታል። እሱ ግን ተቆጣ። «ቀልድ አይደለም እማዬ። ያን ቀን ቤቱ ቢያያዝስ? አንቺ ውስጥ ብትሆኚስ? ክፍሉ ዝግጁ ነው፣ ምን ያስቸግራል?»

«የሚያስቸግረውማ እዚያ ስገባ ዕቃ መሆኔ ነው» አልኩት። «አሁን እነዚህን ሳህኖች ላቅርብ። የቀረውን አንድ ዳቦ አሁን ጣድኩት፤ ሁለት ደቂቃ ቆይተህ ገልብጥልኝ። ይህ አያቅትህም።»

የእንጨት ማንኪያ አንስቶ መጥበሻው አጠገብ ቆመ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ከመሥሪያ ቤት ነው። አንድ ሰው መኪናውን አጋጭቷል መሰለኝ፣ «ፎቶ አንስተዋል? ከጎን በኩልም አንስተዋል?» እያለ ወደ መስኮቱ ሄደ። ማረር ሲጀምር ሸተተኝ። እውነቱን ልናገር፣ ቀድሞ ሸተተኝ፣ እያወቅኩ ዝም አልኩ። እህቱም አየችኝ፣ እሷም ዝም አለች።

ጭሱ በመስኮት ሲወጣ የእሱ ስልክ ስለተያዘ የሴቷ ጮኸ። ሬዲዮ ናት። ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ይሰማል፤ «እናታችሁ ዛሬም ጀመሩ፣ ቶሎ ድረሱ» ትላለች።

«እዚሁ ነን እትዬ» አለች ልጄ ረጋ ብላ። «ደግሞ ያሳረረው ወንድሜ ነው፣ እናቴ አይደለችም።»

ልጄ ስልኩን ጣል አድርጎ ተንደረደረ። እኔ ቀድሜው በፒንሳ አጠፋሁት። መጥበሻው ላይ ያለው ከሰል ሆኗል። ልጄ በትልቅ ሰው ፊቱ እንደ ልጅ ቀላ። «ስልክ ሆኖብኝ ነው» አለ።

ድል የእኔ ነበረች፤ ዝም ብዬ ብወስዳት የሚከለክለኝ አልነበረም። ግን ያን ፊቱን ሳይ ሦስት ሳምንት የደበቅኩት ነገር ራሱ ወጣ።

«መጥበሻው ስስ ነው ያልኩህ ውሸት ነው» አልኩት። «ረስቼው ነው። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አባታችሁን፣ ነፍሱን ይማረው፣ እያሰብኩ እሳት ላይ መጣዴን ጨርሶ ረሳሁት። ጭሱን እስካይ ድረስ አላስታወስኩም። ብናገር ትወስዱኛላችሁ ብዬ ዋሸሁ፤ ባልናገርም ልትወስዱኝ መጣችሁ።»

ሴቷ ልጄ መጥታ ከወንበሬ ጎን ቆመች።

«ከሲሊንደሩ ጎማ ላይ የሚገጠም ዕቃ አለ፣ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ጋዙን ራሱ ይዘጋል» አልኩ። «ለስንት ሽማግሌ ገጥሜለታለሁ፣ በሆዴ እየሳቅኩ። ለራሴ ግን ኩራቴ አልፈቀደም፤ መግጠም መርሳቴን ማመን ነዋ። ሰኞ እገዛለሁ፣ በራሴ እጅ እገጥመዋለሁ፣ ዳቦም ጋግሬበት እሞክረዋለሁ። ከዚያ በኋላም እረሳ ይሆናል። የምረሳው ግን እዚሁ ቤቴ ሆኜ ነው።»

ልጄ ማንኪያውን እስካሁን አልጣለውም። «እኔ ክፍሉን ያዘጋጀሁት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺን ዕቃ ላደርግ አይደለም። ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «አንተም መኪና መንዳት የጀመርክ ጊዜ እስክትመለስ ድረስ እዚህ ወንበር ላይ ስፈራ ነበር የማመሸው። ቁልፍህን ግን አልወሰድኩብህም።»