ከጉድጓድ የወጣው ኮምፒውተር

እትዬ አልታየች የልጃቸውን የወንዳወቅን መርዶ አልተቀበሉም። ከግንባር የተመለሰ ጓደኛው ሐራ ከተማ አጠገብ ሲወድቅ እንዳየው ተናግሮ ነበር። እሳቸው ግን «ሲወድቅ አየህ እንጂ ሲቀበር አላየህም» ብለው መርዶ ሊነግሩ የመጡትን ሽማግሌዎች ከደጅ መለሷቸው። ባላቸው ጋሽ ተፈራ ለእሑድ ለቅሶ ጠሩ።

ለለቅሶው ፎቶ ያስፈልጋል። ፎቶው ያለው ደግሞ ወንዳወቅ ትቶት በሄደው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ጦርነቱ ከተማችን መርሳ ሊደርስ ሲል፣ ሰዉ ሁሉ እንዳደረገው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው የእህል ጉድጓድ ውስጥ ቀብረውት ነበር። ከወጣ ወዲህ ይበራል፤ ፎቶ ሲከፈት ግን ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆንና ድርግም ይላል።

ከሰው ብዙም አልገጥምም። ከወንዳወቅ ጋር ግን አንድ ወንበር ላይ ተምረን ነው አሥራ ሁለተኛን የጨረስነው፤ ማሽን መነካካትም አውቃለሁ። ጠሩኝ።

«ተመልከት» አሉኝ እትዬ። ወንዳወቅ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ፀሐዩ ዓይኑን አስጨፍኖት ብቅ አለ። ሳቁን ልናይ ስንል ሰማያዊው ዋጠው።

«አየህልኝ? አታልቅሱብኝ እያለ ነው።»

«መናገር ቢችልማ መጀመሪያ እኔን ነበር የሚሰድበኝ» አሉ ጋሽ ተፈራ ከበረንዳው፤ «ስገዛለት ስንት አጉረምርሜ!»

«አንቱ ዝም ይበሉ!»

የኮምፒውተሩን ጎን ፈታሁት። የጉድጓዱ አፈር ውስጡ ድረስ ገብቷል። የተከፈተውን ነገር ለጊዜው የሚይዙ፣ ራም የሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ሰሌዳዎች አሉ፤ አንዱን ጠረጠርሁ። ሁለቱንም ነቅዬ የሚሰኩበትን ጥርሳቸውን በላጲስ ፈተግሁና አንዱን ብቻ መልሼ አበራሁት።

ወንዳወቅ መጣ፤ ሳቀ። ወደ ወልድያ የሚያልፍ ከባድ መኪና መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ወንዳወቅ እንደሳቀ ነው።

«መቼ ነው የሚጠፋው?» አሉኝ እትዬ።

«ከእንግዲህ አይጠፋም፣ እትዬ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ያወጣኸውን መልስበት።»

«የሚያጠፋው እኮ እሱ ነው።»

«እንደነበረ አድርግልኝ፣ በሞቴ!»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እኔም ያን ሰማያዊ ፈለግሁት፤ እሑድ እንዳይመጣ ፈለግሁ። ሰሌዳውን መልሼ ሰካሁ።

አበራሁት። እትዬ ተጠግተው ጎንበስ አሉ፤ ትንፋሻቸው መስታወቱን አላበው። «በል» አሉት በሹክሹክታ፣ «በል እንጂ ልጄ።»

አልጠፋም። ቆየን፤ አልጠፋም። ያኔ ገባኝ፤ ሰሌዳው ጤነኛ ኖሯል። ጥፋቱ ጥርሱን የሸፈነው አፈር ነበር፤ እሱን ደግሞ በገዛ እጄ ጠርጌዋለሁ።

እትዬ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩት።

«እሺ፣ ምን ሆነ?» አሉ ጋሽ ተፈራ ከውጭ።

«ተሠራ» አሉ እትዬ፤ ከዚያም ጮኹ። የጎረቤት በሮች አንድ በአንድ ሲከፈቱ ሰማሁ።