የፍሬዛው ጩኸት

ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ባለው የብረት ሥራ ጋራዥ ፍሬዛውን የሚነካው ዋጋሪ ብቻ ነበር። ከጣሊያን የቀረው ይህ አሮጌ ማሽን፣ የጃንሆይ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ቆሞ፣ ብረት ሲቆርጥ ድንገት ይንቀጠቀጥና ሥራውን ያበላሻል። ዋጋሪ ግን ገና ድምፁ መለወጥ ሲጀምር ሰምቶ ፍጥነቱን ይቀንስለታል። ሰው ሁሉ የሚያከብረው ለዚህ ነው።

ዘንድሮ ያ ጆሮ ከዳው። ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር? ከእሱ በፊት ፍሬዛውን የያዘው ኩማ ጆሮው ሲደክም የጋራዡ ባለቤት ዘበኛ አደረጉት፤ ይኸው በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ቀኑን ሙሉ መንገድ ያያል። ዋጋሪ ከኩማ ጎን ከመቀመጥ ሞቱን ይመርጣል። ስለዚህ መዳፉን ብረቱን ጨብጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሳርፎ በእጁ ማድመጥ ለመደ። ችግሩ፣ ጆሮ አስቀድሞ ያውቃል፤ እጅ የሚያውቀው ከሆነ በኋላ ነው።

በሐምሌ ጭቃ ደራርቱ የምትባል ባለወፍጮ ቢላ ከምትባለው የገጠር ከተማ መጣች። የወፍጮዋ ባለጥርስ ማርሽ ተሰብሮ የአገሩ ሰው እህሉን ታቅፎ ተቀምጧል። ለአዲስ ማርሽ የሚሆን ብረት በስንት ልመና አንድ ተገኘ፤ መንገዱ እስኪደርቅ ሌላ አይመጣም።

"ኦቦ ዋጋሪ፣ አደራዎን" አለችው። ከንፈሯን አይቶ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

የመጀመሪያዎቹን ጥርሶች አሳምሮ አወጣ። የመጨረሻዎቹ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ማላዘን ጀመረ። ሠራተኞቹ ሁሉ ሰሙ። የሸዋው ልጅ ሽብሩ ሊያጠፋው ሲነሳ፣ አጠገቡ የሚሠራው ታፋ ክንዱን ያዘው።

"ተው! ኦቦ ዋጋሪን አንተ ልታስተምራቸው ነው? የሚያደርጉትን ያውቃሉ።"

ሽብሩ ተመልሶ ቆመ። እንዲህ ያለ አክብሮት ገደል ይግባ! አንድ ሰው እጁን ቢያነሳ ኖሮ ማርሹ ይተርፍ ነበር።

ዋጋሪ መንቀጥቀጡ መዳፉን ሲመታው አጠፋው። ረፍዷል። ጥርሶቹ እንደ ታረሰ ማሳ ተተልመዋል። በጣቱ ዳበሳቸውና ፊቱ ጠቆረ። ማርሹን ስትጠብቅ የነበረችው ደራርቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" ብሎ ጮኸ፣ ከማርሹ ላይ ቀና ሳይል።

"የሰሙት መስሎን ነው፣ ኦቦ" አለ ታፋ ከኋላው።

ዋጋሪ አሁንም ዞር ሳይል መልስ ጠበቀ።

"እኮ ለምን?" አለ ደግሞ።

አሁን ሁሉም ገባቸው።

ኩማ በሩ ላይ ሆኖ አንዱንም አልሰማም። ፊታቸውን ግን አየ። አየና አግዳሚው ላይ ቀስ ብሎ ወደ ዳር ጠጋ አለ፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀ።