ስክሪኑ ጥቁር ነበር

አክስቴን መነጽር ቤቱ ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ። መነጽር ቤቱ ሦስት ክፍል ብቻ ነበር፤ ፊተኛው ደንበኛ ይቀበላል፣ መካከለኛው ፍሬም ይገጥማል፣ የኋለኛው ሌንስ ይሞርዳል። እኔ የኮምፒዩተር ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። የሞተ ኮምፒዩተር እጄ ላይ ነፍስ ይዘራል እያሉ ባልደረቦቼ "ዶክተሩ" ይሉኛል። ስሙን እወደው ነበር፤ ከሚገባው በላይ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። እናቴ ከሞተች በኋላ ልብሴን ያጠበች፣ ትምህርት ቤት ተደባድቤ ወላጅ አምጣ ስባል ነጠላዋን ጣል አድርጋ የመጣች እሷ ናት። የጽዳት ሠራተኛ ሲፈለግ ስሟን ያቀረብኩት በኩራት ነው፤ አላሳፈረችኝም። የሌንስ ብናኝ ክፉ ነው፣ እንደ ዱቄት በየስንጥቁ ይገባል፤ እሷ ግን የጠረጴዛውን እግር ሳይቀር ነበር የምትወለውለው።

የሌንስ መሞረጃውን ማሽን የሚያዘው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበር። ዲስኩ መንጫጫት ሲጀምር አዲስ ተገዛ፤ አሮጌው ማዘርቦርድ፣ ማለት የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ግን አዲሱን ዲስክ አላውቅህም አለው። መፍትሔው ባዮሱን ማዘመን ነው። ባዮስ ማለት ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን የሚቀሰቅስ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከተበላሸ ግን ማዘርቦርዱ በድን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቦርዱ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሞዴልና የስሪት ቁጥር ታነባለህ። ለዚያ ብቻ የተሠራውን ፋይል ታወርዳለህ። መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥብህ ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ ላይ ትሰካዋለህ። ከዚያ እጅህን አጣጥፈህ ትጠብቃለህ። ይህን ለስንቱ አስተምሬዋለሁ!

አንድ ሐሙስ ቀን፣ የምሳ ሰዓት ላይ ከእኔና ክፍሎቹን ከምታጸዳው አክስቴ በቀር ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ከምሳ መልስ ማሽኑ ይነሳል ብዬ ለአለቃችን ቃል ስለገባሁ ተጣድፌያለሁ። ዩፒኤሱ ያለው ፊተኛው ክፍል ነው፤ ተሸክሞ ማምጣቱ ታከተኝና ኮምፒዩተሩን ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ተውኩት። ክዳኑን ስከፍት ሞዴሉ ይነበባል፤ የስሪቱን ቁጥር ግን ብናኝ ሸፍኖታል። በአውራ ጣቴ ጠረግ ባደርገው ይታየኝ ነበር። "ሁለተኛው ስሪት ነው የሚሆነው" አልኩ በሆዴ፤ ያወረድኩትም የሁለተኛውን ፋይል ነበር። ስጀምረው ፋይሉ ከቦርዱ ጋር ላይስማማ ይችላል፣ ይቀጥል ወይ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ይቀጥል አልኩት።

ስክሪኑ ላይ የሚቆጥረው ቁጥር መቶ ደረሰ፤ ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጨለመ። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። አሥር ሆነ። አንድ የሙያ ጓደኛዬን በስልክ ላማክር ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ስመለስ አክስቴ ክፍሉ መሃል ቆማለች። በአንድ እጇ የአቧራ መምጠጫውን፣ በሌላው የኮምፒዩተሩን መሰኪያ ይዛለች። አለቃችን በሩ ላይ ነው፤ ከሌሎቹ ቀድሞ ከምሳ ተመልሶ።

"ምን ነካው? ለምን ጠፋ?" አለኝ።

እኔም አለቃዬም እጇን አየን።

"እያዘመንኩት ነበር" አልኩ። "በዚያ መሃል ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ይሞታል።"

ያልኩት ነገር እውነት ነው። የትኛውም ባለሙያ ይህንኑ ይላችኋል።

"ስነቅለው እኮ ስክሪኑ ጥቁር ነበር" አለች አክስቴ። "ጠፍቶ መስሎኝ ነው መምጠጫውን ልሰካ የነቀልኩት።"

ከሦስታችን ቃሏ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። እየተዘመነ ያለ ኮምፒዩተር ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይቆጥራል እንጂ አይጨልምም። የተናገረችው ነጻ የሚያወጣትን ነገር ነበር፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ብሎን መፍታት ጀመርኩ።

የሞተውን ቦርድ አውጥቼ ጥጉን በጣቴ ጠረግሁት። አንደኛው ስሪት ነበር።

ለምን ዝም አልክ ብትሉኝ የተለያየ መልስ አለኝ፣ አንዱም አያኮራም። እኔን ከሆነ ያባርሩኛል፣ እሷን ተቆጥተው ይተዉዋታል ብዬ አስቤ ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬም ነበር። ነገ ሲመጣ ግን ወሬው እግር አውጥቷል። ተመሳሳይ ቦርድ ተፈልጎ እስኪገኝ ማሽኑ ዘጠኝ ቀን ቆመ፤ ደንበኛ በየቀኑ እየመጣ ጮኸ። ፍሬም ገጣሚዎቹ "ነቃይዋ" የሚል ስም አወጡላት። ኮሪደሩን ስታልፍ አንዱ "ሶኬት ደብቁ!" ይላል፣ ሌላው ይስቃል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ማታ ስንገናኝ ግን አይኗ ያበጠ ነው። ሦስት ወር እንኳ ሳትሞላ "ወገቤን አሞኛል" ብላ ለቀቀች። ወገቧን ምንም አላመማትም።

ሰባት ዓመት አለፈ። እኔም መነጽር ቤቱን ለቅቄ የራሴን ጥገና ቤት ከፈትኩ። አንድ እሁድ ጠዋት ደወለችልኝ።

"ልጄ፣ ሲመችህ ብቅ በልና ፍሪጁን ንቀልልኝ።"

ስሄድ በረዶው አብጦ የፍሪጁ በር አልዘጋ ብሏል። ውኃ ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ ጨርቅ ደርድራበታለች።

"መቼ ነው እንዲህ የሆነው?"

"አራት ቀኑ ነው።"

"አራት ቀን ሙሉ! አንቺ ለምን አልነቀልሽውም?"

"እኔ?" አለች፣ የማይሆን ነገር እንዳልኳት ሁሉ። "ደግሞ ምን ላጠፋ? ሌላውንም ቢሆን የጎረቤቴን ልጅ ነው የማስነቅለው።"

መሰኪያውን ነቅዬ እዚያው እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ መያዝ አልቻልኩም። ብናኙን፣ የስሪት ቁጥሩን፣ ማስጠንቀቂያውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። አንቺ ስትነቅይው ከሞተ ቆይቷል አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ወይ ታለቅሳለች።

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጨመቀችው። መልሳ ዘረጋችው።

"ያን ቀን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ቆሜ ሳለሁ?"

"አዎ።"

ባልዲውን አንሥታ ውኃውን ደፋች። ከዚያ "እና አሁን ለማን ልንገረው?" አለችኝ። "ይስቁብኝ የነበሩት ልጆች የት እንዳሉ ታውቃለህ? ሄጄ አላጠፋሁም እንድላቸው።"

በማግስቱ የድሮውን አለቃችንን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩለት። ጡረታ ወጥቷል፤ በድምፄ አውቆኝ "ዶክተሩ!" ብሎ ተደሰተ። የደወልኩበትን ነገርኩት። ኮምፒዩተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ምንም አላጠፋችም፣ ደውለህ አንድ ቃል በላት አልኩት።

"የትኛዋ የጽዳት ሠራተኛ?" አለኝ።

"አክስቴ፤ መሰኪያውን የነቀለችው።"

"ረጅሟ?"

"አይደለችም።"

"አየህ፣ ስንቱ መጥቶ ሄዷል መሰለህ። ማሽኑ መቆሙ ትዝ ይለኛል። እሷን ግን… ኧረ ተወው ወንድሜ፣ ስንት ዓመት ያለፈው ነገር ነው!"

ማታ ሥራዬን ዘግቼ ወደ እሷ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ውሸት ሳበጅ ነበር። ይቅርታ ጠይቋል ልበላት? በጣም አዝኗል ልበላት? በሩን ስትከፍትልኝ ግን አቃተኝ።

"አለቃችን ጋ ደውዬ ነበር፤ አላስታወሰሽም" አልኳት።

በግርምት አየችኝ። "ምኔን?"

"አንቺን። ማን እንደሆንሽ አላስታወሰም።"

ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "ሰባት ዓመት ሙሉ" አለች፣ "እሱ የሚሄድበት መንገድ ላይ እንዳላገኘው ስል በሌላ በኩል ዙሬ ነው ገበያ የምሄደው።"

ስነሣ አላስቀረችኝም፤ እስከ በሩ ግን ሸኘችኝ።

"እናትህ በሕይወት ብትኖር እንኳ" አለችኝ፣ "ይሄን ለእሷ አልነግርብህም ነበር።"

አሁንም እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ትቀበለኛለች፣ ታበላኛለች፣ ስለ ጤናዬም ትጠይቀኛለች። ሰው ካለ ታስተዋውቀኛለች። ድሮ "ልጄ ነው" ነበር የምትለው። አሁን "የእህቴ ልጅ ነው" ትላለች፣ ረጋ ብላ፤ እኔም እጄን ዘርግቼ እንግዳውን እጨብጣለሁ።