አርባ ኪስ

«እኔ እኮ በአንድ ወር አርባ ሰው ሰብኬያለሁ፤ አንዱም ፊቴን አላየውም!» አለች ቃጭል፣ ዓርብ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ኅብረት፣ ደረቷን ነፍታ። ቃጭል ያሏት አፏ ስለማያርፍ ነው። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ ሰው ካለ እናቷ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ብቻ።

«በሕልምሽ ነው?» አለች አንዷ ጓደኛዋ።

«በኪስ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃጭል የምትሠራው ላውንደሪ ቤት ሲሆን ሥራዋም ኪስ መፈተሽ ነው። ልብስ ከመታጠቡ በፊት ኪሱ ውስጥ ያለውን አውጥታ በትንሽ ፖስታ ታደርግና ላዩ ላይ የልብሱን ቁጥርና «ሁለት ቁልፍ» ወይም «አንድ ወረቀት» ብላ ትጽፋለች። ልብሱ ሲተኮስ ዋና ተኳሿ ፖስታውን ከፍታ ትቆጥራለች፣ ትፈርማለች፣ ከመስቀያው ላይ ታያይዘዋለች። የደንበኛ ወረቀት ማንበብ ክልክል ነው። ዋና ተኳሿ የቃጭል አክስት ናት፤ እዚያው ካውያ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ቃጭልን ያስቀጠረቻትም እሷው ናት።

ቃጭል ታዲያ ማታ ማታ «ብቻህን አይደለህም፤ እግዚአብሔር አጠገብህ ነው» ብላ በጥቃቅን ወረቀት ትጽፋለች፣ አራት ቦታ ታጥፋለች፣ በሽርጧ ኪስ ይዛ ትመጣና ሰው ሳያያት በየፖስታው ትጨምራለች። አክስቷ ዓይኗ ካውያው ላይ ስለሆነ አታይም፤ ቢያንስ ቃጭል እንዲህ ታምን ነበር። የቤቱ ባለቤት ቢያውቅማ ጉዷ ይፈላል። «እዚህ ቤት የሚገባው ቆሻሻ፣ የሚወጣው ንጹሕ ልብስ ነው። ሃይማኖትና ፖለቲካ በር ላይ ይቅር» የሚል ሰው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ገና ሳይከፈት ባለሉካንዳው እየደበደበው መጣ። ባለሉካንዳው ማለት ትከሻው በር የሚሞላ፣ በአንድ ምት አጥንት የሚሰብር፣ «ደህና አደርክ» ሲል እንኳ የሚሳደብ የሚመስል ሰው ነው። በአንድ እጁ ትናንት የወሰደውን ጥቁር ሱፍ፣ በሌላው አንዲት ትንሽ ወረቀት ይዟል።

«የሚስቴ ወረቀት የት አለ?» አለ።

«ምን ወረቀት ጋሼ?» አለ ባለቤቱ።

«የዛሬ ዓመት ከመሞቷ በፊት በእጇ የጻፈችው! ልጄ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታገባለች። እናቷ ‹በሠርጓ ቀን አንብብላት› ብላ ሰጥታኝ ነው። በኮቴ ኪስ ረስቼው ነበር፤ ፖስታው ላይ ‹አንድ ወረቀት› ይላል። ስከፍተው ይሄ ወጣ!» ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ጠፈጠፋት።

ቃጭል ከእንፋሎት ክፍሉ መጋረጃ ጀርባ ቆማ የራሷን እጅ ጽሑፍ አየች።

አክስቷ ተጠራች። ወረቀቷን አነሳች፣ አየች፣ መልሳ አስቀመጠች። ለአፍታ ዓይኗን ወደ መጋረጃው ጣል አድርጋ መለሰችው።

«ይሄ ፊርማ የማን ነው?» አለ ባለቤቱ።

«የኔ።»

«ቆጥረሻል?»

«አንድ ወረቀት ይላል፣ አንድ ወረቀት ነበረ። ፈርሜያለሁ።»

«እንግዲያው ያንቺ ጣጣ ነው! እስከ ስድስት ሰዓት ካልተገኘ ሽርጥሽን አውልቀሽ ትሄጃለሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው ምናምን እንዳትይኝ።»

ቃጭል ያኔ ትዝ አላት። ሐሙስ ዕለት የባለሉካንዳውን ፖስታ ስታዘጋጅ ከአጣቢዋ ጋር እያወራች ነበር። የሱን ወረቀት በግራ እጇ አወጣች፣ የራሷን በቀኝ ያዘች፣ ሁለቱም አራት ቦታ የታጠፉ ናቸው፣ ወሬውም የሚጥም ነበር። እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ከራሷ ወረቀቶች መሀል አንዷ ስስ ናት፣ ጠርዟ ያረጀ። ስታወጣት የሴት እጅ ጽሑፍ ነው፤ «ልጄ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በላይ አላነበበችም።

ዓይኗን በጨው ታጥባ «ከማሽኑ ሥር አገኘሁት!» ብትልስ? ወረቀቱ ተገኘ ማለት ነው። ግን በማን ዝርክርክነት ወደቀ ሊባል ነው? በአክስቷ ነዋ፤ ፊርማው የሷ። በጓሮ በር እግሬ አውጪኝ ብትልስ? በሩ ከኋላዋ ሦስት እርምጃ ነው፤ መቀርቀሪያውም የላላ ነው። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ባለቤቱ እሷን ያባርራታል፤ ባለሉካንዳው ምን እንደሚያደርጋት ግን እግዜር ይወቀው።

አንድ እርምጃ ወደ ጓሮው በር ሄደች። ሁለተኛውን ስታነሳ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ፈራሁ» አለች በሹክሹክታ። የምታውቀው ረጅም ጸሎት ሁሉ ከአፏ ጠፍቶ የተረፋት ይሄ ብቻ ነበር።

ድምፅ አልሰማችም። ማሽኑ እንፋሎቱን ሽሽሽ እያለ ይተፋል። ግን በልጅነቷ መጀመሪያ ካውያ የያዘች ቀን አክስቷ ከጎኗ ዝም ብላ እንደቆመችው፣ ሳትነካት፣ ሳትናገር፣ «እዚህ ነኝ» እንደሚል ሰው፣ እንዲሁ አንድ ሰው አጠገቧ የቆመ መሰላት። እንደውም አልመሰላትም፤ አወቀችው። አርባ ጊዜ የጻፈችውን ነገር ለራሷ አንድ ቀን እንኳ ፈልጋው አታውቅም ነበር።

መጋረጃውን ገለጠችው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «በራሴ ወረቀት ለወጥኩብዎት። አክስቴ ምንም አታውቅም። በየሰዉ ፖስታ ወረቀት የምከተው እኔ ነኝ።»

«በየሰዉ?» ባለቤቱ ጮኸ። «በኔ ቤት?»

ባለሉካንዳው እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ባለቤቱ ዝም አለ። ሰውዬው ወረቀቱን ተቀበለ፣ ከፈተ። አነበበ፣ አጠፈ፣ እንደገና ከፍቶ አነበበ።

«አንቺ ልጅ» አለ ቀና ሳይል። «ይሄን ለምን ጻፍሽ?»

ቃጭል ለዚህች ጥያቄ ለአንድ ወር ያጠናችው ስብከት ነበራት፣ በሦስት ክፍል፣ ከነምሳሌው። አንዱም አልመጣላትም።

«ስጽፈውስ ለጉራ ነበር» አለች። «አሁን ግን እዚያ ጀርባ ቆሜ በጓሮ ልጠፋ ነበር። እሱ አጠገቤ ነበረ። ለዚያ ነው የወጣሁት። ሌላ የማውቀው የለኝም ጋሼ።»

ባለሉካንዳው የሚስቱን ወረቀት አጠፈ። «ዛሬ ልጄን ይዤ የሠርጉ አዳራሽ ብቻዬን ልገባ ነው። በእናቷ በኩል የሚቆም የለም።» ድምፁ ወረደ። «እዚያ አዳራሽም ይገባል፣ ያልሽው?»

«እንፋሎት ክፍል የገባ አዳራሽ ያቅተዋል?» አለችና ምላሷን ነከሰች። «ይገባል፣ ጋሼ።»

ሰውዬው ሊስቅ ቃጣው። የሚስቱን ወረቀት በደረት ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ትንሿን ወረቀት አንስቶ እዚያው ጨመራት። በር ላይ ሲደርስ ወደ ባለቤቱ ዞረ፤ «ሴትዮዋን እንዳትነካት። ልጅቷን ግን እንደፈለግህ» ብሎ ወጣ።

ባለቤቱ ቃጭልን አላባረራትም፤ ጸሎቷ ሰምሮም ይሁን ባለሉካንዳውን ፈርቶ አይታወቅም። ከኪስ አንስቶ ካልሲ ማጣመር ላይ አስቀመጣት፤ ከዚያ በታች ሥራ በቤቱ የለም።

ወደ ቀትር ላይ ቃጭል የካልሲ ክምር ፊት ተቀምጣ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራች። እንባዋ ደረቀ፣ ምላሷ ተፈታ።

«አክስቴ፣ አየሽው አይደል? እንዴት እንደተነካ! ሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኙም በየቤታቸው እንደዚሁ ሆነው ይሆናል እኮ። አርባ ሰው!»

አክስቷ ካውያዋን አቆመች። ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር የጫማ ካርቶን ሳበችና ካልሲው ላይ ዘረገፈችው። አራት ቦታ የታጠፉ ጥቃቅን ወረቀቶች።

«‹ሁለት ቁልፍ› ከሚል ፖስታ ሁለት ቁልፍና አንድ ወረቀት ሲወጣ፣ የማልቆጥር መሰለሽ?» አለች። «ሠላሳ ዘጠኙንም ያነበብኩት እኔ ነኝ። በይ አሁን አፍሽን ዘግተሽ ካልሲሽን አጣምሪ።»