የኮሽታ የሞት ዓመት

ስልኩ የጮኸው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አራሚዋ በደስታ አነሳችው። ለምን ደስ አይላት? ሦስት ዓመት ሙሉ የአሥራ ሁለት ሴት ገጣሚዎችን ሕይወትና ሥራ ስትለቅም፣ ስታርም፣ ከአለቃዋ ጋር ስትነታረክ ከርማ መጽሐፉ ትናንት ከማተሚያ ቤቱ ወጥቷል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ይመረቃል። ደስታዋ ግን ከ«ሃሎ» አላለፈም።

«ልጄ፣ ጋዜጣ ላይ ስሜን ከሴቶቹ ጋር አየሁት» አለ ያረጀ የሴት ድምፅ። «እኔም ልምጣ ብዬ ነው። የጥሪ ካርድ ያስፈልጋል?»

«ኧረ አያስፈልግም እማማ። ማን ልበል?»

«ኮሽታ ነኝ።»

አራሚዋ ተቀምጣ ባይሆን ኖሮ ትዘረጋ ነበር። ኮሽታ የብዕር ስም ነው፤ ግጥሞቿን ለጋዜጣ በፖስታ ትልክ ስለነበር መልኳን ያየ፣ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። በመጽሐፉ ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ ግን የሞተችበት ዓመት ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ሞታለች። እንዲያ ብላ የጻፈችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳትሆን ራሷ አራሚዋ ናት።

ዝም ብላም አልገደለቻትም። አሮጌ ጋዜጣ ስታገላብጥ በጥቁር መስመር የተከበበ ማስታወቂያ አግኝታ ነው፤ «ገጣሚ ኮሽታ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ለወዳጆቿ መጽናናትን እንመኛለን» ይላል። ከዚያ ወዲህ አንድ ስንኝ አልታተመላትም። አራሚዋ ያን ቀን እዚያው መዝገብ ቤት ቁጭ ብላ አልቅሳለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ የኮሽታን ግጥሞች በደብተር ገልብጣ፣ ፍራሽ ሥር ደብቃ ያደገች ልጅ ናት። ሰውን ሁሉ ስታገናኝ ውላ ለራሷ አንድ ደዋይ የሌላትን የስልክ ኦፕሬተር ግጥም እስከ ዛሬ በቃሏ ትወጣዋለች። እንግዲህ ያቺን ሴት ነው በቁሟ የቀበረቻት። የዛሬ ሥራዋን ብታጣ ነገ ሌላ ታገኛለች፤ አሮጊቷ የገዛ ሞታቸውን ሲያነቡ ማየት ግን አንጀቷ አልቻለም።

ጠራዟ፣ መጽሐፍ በመስፋትና በመለጠፍ ጣቶቿ የደደሩ ቀልደኛ ሴት፣ ከቢሮዋ ስትወጣ በሩ ላይ አገኘቻት።

«ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«የሞተች ሴት ደወለችልኝ።»

«እሰይ! እግረ መንገድሽን እናቴ እንዴት ናት ብትያት ምን ነበረበት?»

ነገሩን ስትሰማ ግን ሳቋን ዋጠች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሦስት መቶ ቅጂ ደግሞ ብዙ ወረቀት ነው። ገጹን እንቅደደው ቢሉ፣ ጀርባው ላይ ያለችው ሌላ ገጣሚ ግማሽ ግጥሟ አብሮ ሊሄድ ነው። በመጨረሻ ነጭ ወረቀት በቀጭኑ እየቆረጡ መለጠፍ ጀመሩ። አንዱ ዓመተ ምሕረቱ ላይ፣ አንዱ ደግሞ «በድንገት ተቀጨች» የሚለው ላይ። አራሚዋ ስትቸኩል ሙጫው ይፈሳል፣ ገጾቹ ይጣበቃሉ። ምሳ የበላ የለም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን መቶ ዘጠና ላይ ደርሰው ነበር፤ የቀረውን በካርቶን አሽገው «እንዳይከፈት» ብለው ጻፉበትና ወደ አዳራሹ በረሩ።

መቼም የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መጽሐፍ ሻጩ መጀመሪያ የከፈተው ከሌሎቹ ጋር ተጭኖ የመጣውን ያንኑ ካርቶን ነው። አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ ቦርሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው መጽሐፉን እያገላበጡ ነው። አራሚዋ ስትደርስ ገጽ ሰማንያ ሰባት ተገልጧል። የተለጠፈበት ነገር የለም።

«እማማ... ጥፋቱ የእኔ ነው። ጋዜጣ ላይ አይቼ...»

«ማስታወቂያውን አገኘሽው?» አሉ አሮጊቷ ቀና ብለው። «እኔው ነኝ ያስነገርኩት።»

አራሚዋ አጠገባቸው ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግጥም በወጣ ቁጥር ግን ‹ይሄ ሰውዬ ማነው?› ይለኛል። ስለ ዝናብ ብጽፍም ‹ማነው?› ነው። ሲሰለቸኝ ለጋዜጣው ማስታወቂያ ልኬ ገደልኳት። ያን ቀን እራቱን በሰላም በላ።»

«እርስዎም መጻፍ ተዉ?»

«የሞተች ሴት ደግሞ ማን ‹ማነው?› ይላታል?» ቦርሳቸውን ከፈት አደረጉት። ውስጡ የስልክ ጥሪ መመዝገቢያ ወረቀቶች በክር ታስረው ጢም ብለዋል፤ ጀርባቸው ሁሉ በደቃቅ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። «አምና አረፈ፤ ከልቤ አለቀስኩለት። አሁን እነዚህን ይዤ የት እንደምገባ ጨነቀኝ።»

አራሚዋ አፏን ሳትከፍት መድረክ መሪው ማይክራፎኑን ነካ ነካ አደረገ። ያኔ ነው የፕሮግራሙ ወረቀት ትዝ ያላት። እሱንም የጻፈችው እሷ ናት፤ እሱ ላይ ደግሞ ምንም አልተለጠፈም።

«ዛሬ በመካከላችን ለሌሉት ገጣሚዎቻችን» አለ መሪው። አራት ስም ጠራ። አራተኛው ኮሽታ ነበር። «የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ።»

አዳራሹ በሙሉ ቆመ። አሮጊቷም ከሰው ጋር ተነሥተው አንገታቸውን ደፉ። አራሚዋ ያቺን ደቂቃ ያህል ረጅም ጊዜ በዕድሜዋ አላየችም።

«እናመሰግናለን።»

ሁሉም ተቀመጠ። አሮጊቷ ግን አልተቀመጡም። የወረቀቱን እስር ከቦርሳው አውጥተው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ብቻቸውን ቆሙ።

«እማማ፣ የሚሉት ነገር አለ?» አለ መሪው። «ማን ልበል?»

ጠዋት በስልክ እንደዚያ ቀልጠፍ ብለው የመለሱት ሴት፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው እስሩን ይበልጥ አጥብቀው ያዙ። ወደ ወንበሩ ዝቅ ማለት ጀመሩ።

አራሚዋ ብድግ ብላ ክንዳቸውን ያዘች።

«ኮሽታ ናቸው!» ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። «በሕይወት አሉ። ሞተዋል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አለቃዋ ከኋላ ሲያስል ተሰማት፤ ዞራም አላየችው። አሮጊቷ ክሩን ለመፍታት ታገሉ። ቋጠሮው የሠላሳ ዓመት ነውና እምቢ አለ። አራሚዋ በጥርሷ በጠሰችላቸው፤ እሳቸውም የመጀመሪያውን ወረቀት ገልብጠው ማንበብ ጀመሩ።