ጨዋይቱ ማርሚታ

በያጁ ሞቶ ሐዘን በተቀመጡ ጊዜ፣ ከዘመድ ይልቅ አብዝተው ያለቀሱት ሾፌሮች ነበሩ። የገዛ ወንድሙ መሀረቡን በጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ ሽቅርቅር የሚባለው ባለ ታክሲ «ከእንግዲህ ማን አለኝ! ማን አለኝ!» እያለ ሁለት ወንበር ይዞ ወደቀ። ሌሎቹም ከሱ ላለማነስ ደረታቸውን ይደቃሉ። ሚስቱ መጀመሪያ ላይ ልቧ ተነካ። ባሌን ሰው እንዲህ ይወደው ኖሯል? ኋላ ግን አንድ ነገር አየች። የሁሉም ዓይን እያነባ በተከፈተው በር በኩል ወደ ጋራዡ ይሄዳል፤ ከጋራዡ ጥግ፣ ከጣሪያው በሰንሰለት ወደተንጠለጠለችው ማርሚታ። ያኔ ገባት። ሰዎቹ የሚያለቅሱት ለሞተው ሳይሆን ለተንጠለጠለችው ነበር።

ማርሚታ መቼም መኪና ከሆዷ ሥር የምትሸከመው፣ ጩኸቷን የሚውጥ ጭሷን የሚያወጣ ዕቃ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ከፊቱ የማር እንጀራ የመሰለ ማጣሪያ አለው፤ መርዙ እዚያ ይቀራል። የሰፈሩ ሾፌሮች ግን በዚህ ማር እንጀራ ላይ ቂም ነበራቸው። «ጉልበት ይበላል» ይላሉ። «መኪናዬን ሴታሴት አደረጋት» ይላሉ። እናም ለበያጁ ይሰጡታል፤ በያጁ ሆዷን ይቀድና አንጀቷን አውጥቶ በምትኩ ክንድ የሚያሳልፍ ቀጥ ያለ ቧንቧ ይበይድላቸዋል። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ሦስት መንገድ ርቃ ትሰማለች። ጉልበቷ ያው የድሮው ነው፤ የባለቤቱ አንገት ግን ይወፍራል።

ችግሩ በዓመት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፤ የምርመራ ቀን። ለዚያ ቀን ደግሞ በያጁ ጨዋይቱን አዘጋጅቷል። ከአንዲት የተገለበጠች መኪና ላይ ከነማጣሪያዋ ያገኛት፣ የሰው እጅ ያልነካት ማርሚታ ናት። የሰፈሩ ታክሲና ሚኒባስ ሁሉ የአንድ ፋብሪካ ልጅ ስለሆነ ለሁሉም ትሆናለች፤ የሚይዛት አራት ብሎን ብቻ ነው። ጠዋት ትታሰራለች፤ ያቺ ትናንት ስታገሳ የነበረች መኪና አንገቷን ደፍታ ምርመራ ትገባለች፤ ቦሎዋን መስታወቷ ላይ አስለጥፋ ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ጨዋይቱ ትፈታና ወደ ሰንሰለቷ ትመለሳለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የሰው ማርሚታ ግን ቦሎ ያስለጥፋል።

በያጁ በእሷ ይኮራ ነበር። ከምርመራ ስትመለስ አፏን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠርግላታል፤ የራሱን አፍ በእጅጌው የሚጠርግ ሰው! የመኪኖቹን የውጤት ወረቀት ግልባጭ ደግሞ ሾፌሮቹን ይለምንና ልጁ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ካርድ ይመስል ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ሠላሳ ሰባት ወረቀት፣ ሠላሳ ሰባት መኪና፣ በሁሉም ላይ አንድ የጭስ መጠን፦ ዜሮ ነጥብ ሁለት። ሥሩ የመርማሪው ፊርማ። መርማሪው ዓይነ ሥውር አልነበረም። ጨዋይቱ ጎኗ ላይ ጠባሳ አላት፤ ጎንበስ ብሎ ጠባሳዋን ሲያይ «ደህና ከረምሽ?» እንደሚላት ሾፌሮቹ እየሳቁ ያወሩ ነበር። የበላይ መሥሪያ ቤቱማ «በአየር ንጽሕና አርአያ የሆነ» የሚል የምስጋና ወረቀት ለምርመራ ጣቢያው ሰጥቶታል። ወረቀቱ የተሰቀለበት ግድግዳ በጥቀርሻ ጠቁሮ ስለነበር መጀመሪያ ግድግዳውን ማጠብ ግድ ሆነ።

በያጁ ሳል ሲጸናበት ሐኪም ቤት የወሰደችው ሚስቱ ናት።

«ስንት ዓመት አጨስክ?» አለው ሐኪሙ ፎቶውን ወደ ብርሃን ይዞ።

«ኧረ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

«ይኼ ታዲያ ከየት መጣ?»

«መኪኖቹ ናቸው የሚያጨሱት፤ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ አልቆም አለ። ሐኪሙ አልሳቀም። በአምስተኛው ወር ቀበሩት።

ሚስቱ ይህን ሁሉ ከመቃብር እስክትመለስ ችላው ነበር። የከበዳት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ስምንት ዓመት የሞላት ልጃቸው አንድ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች አሳላት። ቀጭን፣ ደረቅ ሳል፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚያፏጭ። የአባቷ ሳል ሲጀምር እንዲህ ነበር። እናቲቱ የያዘችው ማበጠሪያ ከእጇ ወደቀ።

«ሚጡዬ፣ ይኼ መቼ ጀመረሽ?»

«ሰርቪስ ውስጥ ነው የሚያስለኝ፤ ከኋላ ወንበር ስቀመጥ። መጀመሪያ የምሳፈረው እኔ ስለሆንኩ ወደ ኋላ ግቢ ይለኛል ጋሼ። እዚያ ወለሉ ይሞቃል፣ ይሸታልም።»

ጋሼ የምትለው የተማሪ ሰርቪስ የሚነዳውን ሰው ነው። ሰፈሩ አንበሴ ይለዋል፤ ሚኒባሱ ስለሚያገሳ። ያንን ግሳት የበየደለት ደግሞ የልጅቷ አባት ራሱ ነበር፤ አንጀቷን ያወጣው፣ ቧንቧውን በኋላ ወንበር ሥር ያሳለፈው። እናቲቱ ያን ቀን መብራቱን የያዘችለት እሷ እንደነበረች ትዝ አላት። ልጅቷን ለብቻ በሌላ መኪና እንዳትልክ አቅም የላትም፤ በእግር እንዳትልክ መንገዱ ሩቅ ነው። ደግሞስ በዚያ መኪና የሚሄዱት ሌሎቹ አሥራ አንድ ልጆች የማን ናቸው?

በሳምንቱ ሽቅርቅር ሊያጽናናት መጣ።

«እትዬ፣ በረታሽ?»

«ይመስገን።»

«መቼም የሱን ያህል ሰው…» ተነፈሰ። ጣሪያውን አየ። «እትዬ፣ ሐዘን ላይ ማስቸገር አይሁንብኝና፣ የሚመጣው ሐሙስ ምርመራዬ ነው።»

«እግዜር ይርዳህ።»

«እግዜርማ ይረዳል፣ ጨዋይቱ ካለች።»

«ሰኞ አንበሴ አለ። የልጆች መኪና ነው፣ እሱ ይቅደም።»

«የእናት አንጀት!» አለ ሽቅርቅር፤ ለሰፈሩም አወራላት።

ሰኞ ጠዋት አንበሴ ልጆቹን አድርሶ መጣ። እሷ የባሏን ቱታ እጅጌውን ሰብስባ ለብሳለች። አሥራ ሁለት ዓመት ከጎኑ ስትሠራ ኖራ ብየዳ አይጠፋትም፤ ሲደክመው ግማሹን የምትጨርሰው እሷ ነበረች። ከመኪናው ሥር ገባች። ጨዋይቱን ገጠመች። አራቱን ብሎን አሰረች። ከዚያም የብየዳ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አወረደችና ዙሪያውን፣ ብሎኑን ጨምራ፣ ስፌት በማይመስል ስፌት በየደችው።

«ምነው ደግሞ ብየዳ?» አለ አንበሴ ብልጭታውን አይቶ።

«የብሎኑ ጥርስ አልቋል። መንገድ ላይ እንዳትወድቅብህ።»

«እሰይ! ቁርጥ ባልሽን!»

ከሰዓት በኋላ ቦሎውን ለጥፎ፣ እያፏጨ ተመለሰ። «በይ ፍቺልኝና ልሂድ፤ ተማሪ የማወጣበት ሰዓት ደርሷል።»

«አይፈታም።»

«እንዴት አይፈታም?»

«ጎንበስ ብለህ እየው።»

ጎንበስ አለ። ሲነሳ ፊቱ ከቱታዋ ይበልጥ ጠቁሯል። «ሴትዮ! ታዲያ ቁረጪዋ!»

«ከቆረጥኳት ማጣሪያዋ ይፈረካከሳል። ለአንተም ለማንም አትሆንም።»

«ይኼን ዳገት በምን ልወጣው ነው? መኪናዬ እኮ ዝም አለች! ከምርመራ ስመለስ የሰፈሩ ዘበኛ እንኳ ዞሮ አላየኝም። አንበሴ ነኝ እኮ እኔ! ድመት አደረግሽኝ!»

«ድመትም አይጥ ትይዛለች። ካላማረህ ሌላ ጋራዥ ሂድና አስቆርጣት። እኔ ደግሞ የአሥራ አንዱን ልጆች እናቶች ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ ከኋላው ወንበር ሥር ምን እንደነበረ እነግራቸዋለሁ። የበየደው ባሌ መሆኑንም አልደብቅም።»

አንበሴ የመኪናውን በር በኃይል ዘግቶ ሄደ። በዚያች ሰዓት ሰፈሩ ወሬውን ጨርሶት ነበር። ሰንሰለቱ ባዶውን ሲወዛወዝ ያዩ ሾፌሮች ከበሯ ላይ ተኮለኮሉ። አሁን የሚያለቅስ የለም።

«ጨዋይቱ የጋራ ናት!» አለ ሽቅርቅር። «ሟቹ ለሁላችን ነው የተዋት። ሕግ ባለበት አገር እንዲህ አይደረግም!»

«ክሰሰኝ ታዲያ።»

«እከሳለሁ!»

«ምን ብለህ? ውሸታችንን ሰረቀችን ብለህ?»

ከኋላ የቆመ አንዱ ሳያስበው ሳቀ። ሽቅርቅር ዞሮ ሲያፈጥበት ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው፤ ጥቂት ቆይቶ ግን እውነተኛ ሳል ሆነበት። ሌሎቹም ተቀበሉት። ሴትየዋ «ሳልክን ጨርስ» እንደሚል ሐኪም እጇን አጣጥፋ ጠበቀቻቸው።

በማግስቱ መርማሪው ራሱ መጣ፤ በእግሩ፣ ያለ ደንብ ልብሱ፣ ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ። ለለቅሶ ያልመጣ ሰው ነው።

«ነፍስ ይማር» አለ ቆሞ።

«ይማርልን።»

«እህቴ፣ እንነጋገር። ሐሙስ ሽቅርቅር ይገባል። ከዚያ ሌሎቹ። ጨዋይቱ ከሌለች ሁሉም ይወድቃሉ። ሁሉም ከወደቁ ደግሞ ከላይ ይጠይቁኛል፤ አምና እንዴት አለፉ ይሉኛል። አንቺ አርአያ ጣቢያ ልታስዘጊ ነው! ቆርጠሽ መልሻት። አለዚያ ይኼን ጋራዥ አሳሽገዋለሁ።»

እሷ አልተቆጣችም። ባሏ ወረቀት ወደለጠፈበት ግድግዳ ሄደችና መሀረቧን አርጥባ ጥቀርሻውን ጠረገችው።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ። ዓይኔ ደክሟል። ይኼ ምን ይላል?»

«ዜሮ ነጥብ ሁለት» አለ ሳያስበው።

«ይኼስ?»

«ዜሮ ነጥብ…» ቆመ። ወደ ጎን አየ፤ ወደ ታች አየ። ሠላሳ ሰባቱም የራሱ ፊርማ ነበረባቸው፤ ፊርማውን ደግሞ በየዓመቱ እያሳመረው ሄዷል።

«ስታሽግ እነዚህንም አብረህ አሽጋቸው» አለችው። «ወይ ደግሞ ሐሙስ ማሽኑ ያለህን ጻፍ። ማሽኑ ምን በደለህ? አሥር ዓመት ሙሉ ከአንዲት ማርሚታ ጋር ብቻ ነው ያስተዋወቅከው።»

መርማሪው ካፖርቱን እንደገና ቆለፈው፤ ተቆልፎ የነበረውን።

ሐሙስ ሽቅርቅር ከነግሳቱ ገባ። የሆነውን ራሱ ነው መጥቶ የነገራት፤ ተናዶም ግራ ገብቶትም ነበር። ማሽኑ ቁጥሩን ሲያሳይ ሠራተኛው ተበላሽቷል ብሎ ሁለት ጊዜ አጥፍቶ አበራው። «አላለፈም» የሚለውን ማኅተም ሲፈልጉ አጡት። ኋላ ከጠረጴዛ ሥር፣ የወንበር እግር ተደግፎበት ተገኘ። ቀለሙ ስለደረቀ ሦስት ጊዜ ቢመቱት ወረቀቱ ላይ ጉድጓድ እንጂ ጽሑፍ አልወጣም፤ በመጨረሻ መርማሪው በእጁ ጻፈው።

«አሁን ምን ልሁን እትዬ?» አለ ሽቅርቅር።

«ማጣሪያ ገዝተህ አምጣ። እኔ እገጥምልሃለሁ።»

«ባልሽ የኔን ማጣሪያ አውጥቶ ለማን ነው የሸጠው?»

«ለዚያው አሁን ለሚሸጥልህ ሰውዬ» አለች። የባሏን ሥራ መደበቅ አልቻለችም፤ መርገምም አልቻለችም። በያጁ ደግ ሰው ነበር፤ የለመኑትን ሁሉ የሚያደርግ፣ ክፋቱም ያ ነበር። ያን ቀን ሾፌሩ ከሄደ በኋላ የማርሚታዋን ነጭ ጨርቅ ከመሳቢያው አገኘችው። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ያልወጣላት እንባ በዚያች ጨርቅ ወጣላት። ከዚያ ፊቷን ጠርጋበት ወደ ሥራዋ ገባች፤ የወጣውን አንጀት ለመኪኖቹ አንድ በአንድ ለመመለስ።

የልጅቷ ሳል ወዲያው አልተዋትም። ሐኪሙም ቶሎ እንዳትጠብቅ ለእናቲቱ ነግሯታል። ግን ፉጨቱ ቀርቷል፤ ኋላ ወንበር ላይም ወለሉ እንደማይሸት ልጅቷ ነግራታለች።

አዲስ ችግር ግን መጣ። ድሮ የአንበሴ መኪና ሦስት መንገድ ርቃ ስትመጣ ስለምትሰማ፣ ልጅቷ ቁርሷን በእርጋታ ጨርሳ ነበር የምትወጣው። አሁን መኪናው በር ላይ ቆሞ እንኳ አይሰማም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሁለት ቀን አረፈደ። እናቶች ተቆጡ። አንበሴም ክብሩ የሚመለስበትን መንገድ አገኘ፤ ከጭነት መኪና የተነቀለ ሦስት አፍ ያለው ጥሩምባ አስገጠመ። ስለ ጥሩምባ በምርመራው ወረቀት ላይ አንድም ቃል የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነፋው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጎረቤት ያለ ሕፃን ጮኸ፤ ጋራዡ ውስጥ ባዶው ሰንሰለት ራሱ ተንቀሳቀሰ።

«ሙት ይቀሰቅሳል እኮ!» አለ አንበሴ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ ደስታው ፊቱን ሞልቶት።

ሴትየዋ የልጇን ቦርሳ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ባሏ ይተኛበት ወደነበረው መኝታ ቤት በር አየች። ጥቂት ጠበቀች። ማንንም ሳያስለው፣ ማንም ሳይነሳ ቀረ።

«ዝም ብሎ ጩኸት ነው» አለችና ልጅቷን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።